የቪትዝ መሪ ይዋልላል፤ አላይመንት ተሰርቶም ለውጥ የለም

ጥያቄ (የፒያሳ ልጅ)
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጅ 2003 የተሰራች ቪትዝ ናት፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ። ቸርችል ጎዳና ላይ ቀስ ብላ ስትሄድ ምንም አይታወቅም። ቀለበት መንገድ ገብታ ከ60 ስታልፍ ግን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች፤ መሪውን ሳያቋርጡ ማረም ነው። አይንቀጠቀጥም፣ ፍሬን ሲያዝም አትስብም። ጋራዡ ስቴሪንግ ራኩ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ጥርሳም ዕቃ) ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብሏል። ከዚያ በፊት ምን ላስፈትሽ?

መልስ (መካኒክ ተክለሃይማኖት)
ወንድሜ፣ ለራክ ገንዘብ አታውጣ ገና። ወደ አንድ ወገን ብቻ ብትስብ ኖሮ የጎማ ንፋስ፣ የያዘ ፍሬን ወይም ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ያዘነበለ አስፋልት ነው እልህ ነበር። በሁለቱም ወገን የምትዋልል ከሆነ የላላ ወይም የከረረ ነገር ፈልግ።

ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ለካና የግራና የቀኙን እኩል አድርግ። ከዚያ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች አንድ ሰው መሪውን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ፤ አንተ ከስር ገብተህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣትህ ያዝ። የላላው ጣትህ ላይ “ቋ” ይላል። ቴስቲናውን (የመሪ ዘንጉን ጎማ በኩል ያለ ጫፍ)፣ ራክ ኤንዱን (የዘንጉን ራክ በኩል ያለ ጫፍ) እና ራኩ ከሻሲው ጋር የታሰረበትን ላስቲክ በተራ ዳስስ። በክሪክ ተሰቅላ ብቻ ከተፈተሸች ክብደት ስለሌለባት ብዙ ነገር ይደበቃል።

ከዚያ በኋላ ስቀላት። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘህ ስትነቀንቀው ከላላ፣ ቴስቲና ወይም ራክ ኤንድ ነው። ከላይና ከታች ይዘህ ከላላ፣ ፍሬን አስይዝ፤ ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከስር የሚያይዘው ክብ መጋጠሚያ) ነው።

መልስ (ሶማሌ ተራ)
መሪዋ የተዞረ ከሆነ ከሁሉ በፊት የማየው ከመሪው ወደ ራክ የሚወርደውን ዘንግ ነው። መሪው ሲዞር ዘንጉ በሌላ ማዕዘን ስለሚገጠም የመስቀሉ መጋጠሚያ ቶሎ ይበላል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዘንጉ ተቆርጦ የተበየደ ነው። የብየዳ ምልክት ካለበት ከነጭራሹ ይቀየር፤ ይሄ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ከተበጠሰ መሪ የለህም።

ዕቃ ስትገዛ ደግሞ በሻንሲ ቁጥር አትመን። ሻንሲው የቀኝ መሪ ነው የሚለው፣ የገጠመው ራክ ግን የግራ መሪ ያሪስ (ቪትዝ ከጃፓን ውጭ የተሸጠበት ስም) ሊሆን ይችላል። አሮጌውን አውልቀህ ይዘህ ና፤ የጥርሱ ቁጥርና የቴስቲናው ጫፍ ውፍረት ይመሳከር።

መልስ (መካኒክ ተክለሃይማኖት)
ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ራኩ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ዳዶ ነክተውት እንደሆነ ጠይቅ። ልልነት ለማጥፋት ብለው ካከረሩት መሪው ከተዞረበት በራሱ አይመለስም፣ ሾፌሩ ይመልሰዋል፣ ያልፋል፣ እንደገና ያርማል። ስሜቱ ልክ እንደ ልል መሪ ነው። ወደ ግራ ከታጠፈች በኋላ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከታጠፈች በኋላ ወደ ቀኝ የምታደላ ከሆነ ደግሞ የአሞርዛተሩ የላይኛው ኩሽኔታ ይዟል።

የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያይዘው ክንድ) የኋላ ቡሽ፣ ማለትም ላስቲኩ፣ ከተቀደደ ሲቀየር፣ ቡሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ መሬት ወርዳ ክብደቷን ከያዘች በኋላ ነው። ተሰቅላ እያለች ከጠበቀ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና በጥቂት ወር ይቀደዳል። ቴስቲና ስትፈታ የቆለፈውን ዳዶ ቦታ ምልክት አድርግ።

አላይመንት የመጨረሻው ስራ ነው። የላላ ዕቃ እያለ የተሰራ አላይመንት ከማሽኑ ስትወርድ ይበላሻል። የልኬቱን ወረቀት ተቀበል፤ የፊት ጎማዎች ወደ ውጭ የከፈቱ ከሆነ ያ ብቻውን ያዋልላል። ካስተሩ (ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ) በግራና በቀኝ ከተለያየ፣ ቪትዝ ላይ የሚስተካከል ቡሎን የለውም፤ የታጠፈ ብራቾ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ ክሮስ ሜምበር (ብራቾው የሚታሰርበት ከሞተሩ ስር ያለ ፍሬም) ፈልግ።

የፒያሳ ልጅ
በጣም አመሰግናለሁ። ከዘንጉ እጀምራለሁ። የልኬት ወረቀት አልተሰጠኝም፣ ጠይቄ እለጥፈዋለሁ።