ስፒንድሉ ሲነሳ ማሽኔ ይቆምብኛል፤ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች። ትንሿን 3018 ሲኤንሲ ማሽኔን (በኮምፒውተር የምትመራ መቅረጫ) ራሴ ነኝ የገጣጠምኳት። አብሯት በመጣው 775 ሞተር ዋንዛ ላይ ስቀርጽ ቀርፋፋ ከመሆኗ በቀር ችግር አልነበረባትም። ባለፈው ሳምንት 500 ዋት ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያሽከረክር ሞተር) ቀየርኩላት፤ ፓወር ሰፕላዩም የራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍዳዬን እያየሁ ነው።

ስፒንድሉ ተነስቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆርጣል፣ ከዚያ ቀጥ! ስክሪኑ ላይ "አላርም 1" ይላል፤ ሊሚት ስዊች (ማሽኗ ጠርዝ ስትደርስ የሚያስቆማት ስዊች) ተነካ ማለት ነው። ሊሚት ስዊቹን ግን ምንም አልነካውም፤ ስፒንድሉ ያለው መሃል ላይ ነው። አጥፍቼው ያንኑ ፋይል በባዶ ሳስኬደው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። $21ን (ሊሚት ስዊቹ ማሽኗን እንዲያስቆም የሚያደርገውን ሴቲንግ) 0 ሳደርገውም አይቆምም፤ ግን ያለ ሊሚት መስራት አልፈልግም። አንዴ ጠርዙን ስትገጭ የሰማሁት ድምፅ ይበቃኛል።

የስዊቾቹ ሽቦ ከስፒንድሉ ገመድ ጋር አብሮ ታስሮ ነበር። ከስፒንድሉ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ስዊቾቹን እያሳሳተ ይሆናል ብዬ ለየሁት፤ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ስዊቾቹ ሲነኩ የሚዘጉ ዓይነት ናቸው። ሲነኩ ወደሚከፈት ቀይሬ $5ን (የስዊቹን ምልክት የሚገለብጠውን ሴቲንግ) ባስተካክል ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ ላይ ረብሻውን እንዲያጣራ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ልበይድ? ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው ገመድ ከገዛሁስ፣ ግራውንዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ነው የማስረው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ግማሹ የተቀረጸ ጣውላ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሏል።