ግጥም ላይ ሳድስ ፊደል (እንደ ስ፣ ር፣ ት ያለው) ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ መገናኛ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አውቶቡስ ውስጥ ግጥም መጻፍ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ሰንጎ መገን የሚባለውን የግጥም ዓይነት ሞከርኩ። 5 በ5 ቀለም (ሲነበብ ለብቻው የሚሰማ የድምፅ ክፍል) ስለሆነ ይቀላል ብዬ ነበር፤ ሐሳቤን አልችል አለ። ቅኔውንማ አልደፈርኩም፣ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት 2 ቤት (ስንኝ) ብቻ ቢሆንም ግእዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ወል ቤት ዞርኩ፤ ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በየሐረጉ 6 ቀለም የሚይዘው። ያለኝ ይሄ ነው፦

ከኮዬ ወጥቼ፣ መገናኛ ስደርስ፣
ምሳ ሆኖ ቆየኝ፣ የቋጠርኩት ቁርስ።

ፊደል ስቆጥር የመጀመሪያው ስንኝ 6 እና 8፣ ሁለተኛው 7 እና 9 ሆነ። በዛ ብዬ ልቀንስ ስል ለጎረቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «መጨረሻው አጠረ» አለችኝ። ዘጠኝ ፊደል ይዞ! ግን እውነቷን ነው፣ ያነክሳል። በጆሮዬ ስቆጥር «መገናኛ ስደርስ» ልክ 6 ይመጣል፣ «የቋጠርኩት ቁርስ» ግን 5 ብቻ። «ስደርስ» ላይ የፊተኛው ስ ለብቻው ይሰማኛል፣ የኋለኛው ይዋጣል።

የወል ቤት ስትጽፉ ሳድሱ መቼ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ቀለም እንደሚቆጠር፣ መቼ ደግሞ ከፊቱ ባለው ፊደል እንደሚዋጥ በምን ትለያላችሁ?