ታላቁ ሩጫ ላይ የሚሮጠውና የሚራመደው አብረው ይነሱ?

የሳሪሱ ሯጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኅዳሩ 10 ኪሎ ሜትር ብዙዎቻችሁ ፎቶ ለጥፋችኋል፣ ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ተከራከሩኝ። ታላቁ ሩጫ ላይ ለመራመድ የሚመጡ ሰዎች ሌላ ቀን ሊሰጣቸው ይገባል ባይ ነኝ።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። አራት ወር ተለማምጃለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት እየተነሳሁ፣ ከሥራ በፊት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣ ነበር። ሐሳቤ ከ50 ደቂቃ በታች መግባት ነው። በልምምድ 51 ደርሻለሁ። በዕለቱ ማልጄ መስቀል አደባባይ ተገኘሁና ከፊት ቆምኩ። ሩጫው ሲጀመር ከፊቴ ስምንት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይራመዳሉ። እየዘፈኑ። በግራ ልለፍ ስል ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ አለ፤ በቀኝ ልለፍ ስል የመንገዱ ጠርዝ። የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ጨረስኩ። አንዱ ተረከዜን ረግጦኝ ጫማዬ ወለቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳ ስል ከኋላ የመጣ ሰው ላዬ ላይ ወደቀ። እሱም ጉልበቱ ተላጠ።

57 ደቂቃ ገባሁ። ያንገበገበኝ ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ስጨርስ እግሬ ገና አቅም ነበረው። ይቺ ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ፍጥነትህን በመቆምና በመሽሎክሎክ ካዛባኸው ትንፋሽህ መልሶ አይገጥምልህም።

መራመድ የሚፈልግ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» የሚባለው፣ አንዳንድ መንገዶች ለመኪና የሚዘጉበት ቀን አለለት። ማስ ስፖርት አለለት። እኔ መኪና የሌለበት 10 ኪሎ ሜትር አስፋልት የማገኘው በዓመት አንድ ቀን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ወንድሜ፣ እንኳን ለከፋ አልሰጠህ። ልፋትህ መና መቅረቱ ያሳዝናል። ግን ሌላ ቀን ይሰጣቸው ካልካቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ስኳሬ አልወርድ አለ። ሐኪሙ «መንቀሳቀስ አለብሽ» አለኝ። በሰፈሬ ማታ ማታ መራመድ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ተውኩት። ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ስለ ገላዬ የማይናገሩት ነገር የለም። ከዚያ እህቴ የታላቁ ሩጫን ቲሸርት ገዝታ አመጣችልኝ። ቲሸርቱ እጄ ከገባ በኋላ ነው እንደገና የጀመርኩት። ለኅዳር መድረስ አለብኝ ብዬ።

በዕለቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጥኩ። የቀረውን ተራመድኩ። አንድ ቦታ ላይ ጎኔን ውጋት ይዞኝ ቆምኩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት ክንዴን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ ደርሰናል» አሉኝ። አልደረስንም ነበር፣ ገና 3 ኪሎ ሜትር ይቀረን ነበር። ግን ተነሳሁ። 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጀብኝ። ልጆቼ መጨረሻው ላይ ቆመው ነበር። ሜዳሊያዬ አሁንም የትልቁ ልጄ አልጋ ራስጌ ላይ ነው።

ሌላ ቀን ብትሰጡኝ የምመጣ ይመስላችኋል? የዘገምተኞች ቀን ተብሎ? ከቤት ያወጣኝ ከእናንተ ጋር መሆኔ ነው።

የክለብ ልጅ፦

እህቴ፣ ታሪክሽን አከብራለሁ። ግን ሩጫ ሩጫ ነው። ለሴቶች በመጋቢት «ቅድሚያ ለሴቶች» 5 ኪሎ ሜትር አለ። ለአንቺ የሚሆነው እሱ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። በ19 ዓመቴ ነው ከአርሲ የመጣሁት። ክለብ የለኝም፣ የማውቀው ሰው የለም። ታላቁ ሩጫ ላይ ስማቸው ያልታወቀ ልጆች ገብተው ታይተው ያውቃሉ፣ ያንን ሰምቼ ነው የመጣሁት። ከፊት ከሚነሱት አትሌቶች ዝርዝር ውስጥ ስሜ አልነበረም። ስለዚህ ቲሸርት ገዝቼ ከሕዝቡ ጋር ቆምኩ። አንድ አሰልጣኝ መጨረሻው አካባቢ ቆሞ እንደሚያይ ነግሮኝ ነበር። ከሕዝቡ መሃል ለመውጣት ብቻ 2 ኪሎ ሜትር ፈጀብኝ። በክርኔ እየገፋሁ፣ ሰው እየተሳደበ። ከዚያ በኋላ የቻልኩትን ያህል በረርኩ። ከታወቁት ልጆች የተወሰኑትን ደረስኩባቸው። ግን ስገባ አሰልጣኙ ሄዷል።

በኋላ ክለብ ገባሁ፣ ሁለት ዓመትም ሮጥኩ። ያቺ ጠዋት ግን ከውስጤ አልወጣችም። ዛሬም እንደኔ ያለ ልጅ እዚያ ሕዝብ መሃል ቆሞ እንደሚሆን አውቃለሁ። እሱን ማን ያስብለታል? የሁላችሁም ደስታ ነው የሚወራው። ለዚያ ልጅ ግን እንጀራው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እውነት ነው የምልህ። ቅድሚያ ለሴቶች ላይም ሮጫለሁ፣ በጣም ነው የምወደው። ግን ባለቤቴና ወንድ ልጄ እዚያ ከኔ ጋር መሮጥ አይችሉም።

ጡረተኛው፦

ልጆች፣ እኔ የመጀመሪያው ላይ ነበርኩ። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን። 10,000 ሰው ነበርን። ያኔ እሱም ጉድ ተብሎ ነበር። ያን ቀን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው፣ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ። ሲድኒ ላይ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ካመጣ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ሰው ኋላ፣ በዚያው መንገድ። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንግሊዝ አገር ታላቁ የሰሜን ሩጫ የሚሉት አለ። ከኒውካስል ተነስቶ ሳውዝ ሺልድስ የሚገባ ግማሽ ማራቶን ነው። የዚያ ሩጫ መሥራች ብሬንዳን ፎስተር ነው። እዚህ ደግሞ እንዲህ ያለውን የሕዝብ ሩጫ ኃይሌ ከሌሎች ጋር ሆኖ ጀመረው። ኃይለኛ ሯጭ ማፍራት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባላስፈለገ። አገራችን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ካሸነፈበት ጊዜ ጀምሮ ሯጭ አጥታ አታውቅም። የጎደለው ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጎልማሳ ቱታ ለብሶ በከተማ መሃል ሲሮጥ ካየን «ምን ሆኖ ነው?» ነበር የምንለው። መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ለጤናው ይሮጣል የሚል ሐሳብ አልነበረንም። ያ የተለወጠው በዚህ ሩጫ ነው። እኔ በ44 ዓመቴ ያን ዕለት ጀምሬ፣ ዛሬ ጉልበቴ እየተሰማኝም ቢሆን ግማሹን እሮጣለሁ፣ ግማሹን እራመዳለሁ። የመጀመሪያዬን በ54 ደቂቃ ነበር የገባሁት። እና የሚራመዱት ሌላ ቀን ይሂዱ ሲባል እኔን በየትኛው ትመድቡኛላችሁ?

የክለብ ልጅ፦

ጋሼ፣ እርስዎን የሚነካ የለም። ግን ያኔ 10,000 ነበራችሁ። በ2017 ዓ.ም. 50,000 ሰው ነው የተመዘገበው። በ10,000 ሰው የሚያምር ነገር በ50,000 ሰው መጨናነቅ ይሆናል።

አስተባባሪ የነበርኩ፦

ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ መነሻው አካባቢ ቆሜያለሁ። ካየሁት ልናገር።

አንደኛ፣ መለያየት ጭራሽ የለም የምትሉት ትክክል አይደለም። ከ1 ሰዓት በታች እገባለሁ የሚል በአረንጓዴ ነው የሚመዘገበው፣ ቀድሞ ይነሳል። ሌላው በቀይ። ሥርዓቱ አለ። ችግሩ እኛው ነን። 2 ሰዓት የሚፈጅበት ሰው አረንጓዴ ይወስዳል፣ ጓደኛው አረንጓዴ ስለሆነ። ቀይ የለበሰውም «ወንድሜ ውስጥ ነው ያለው» ብሎ ይገባል። አንዷ ልጅ ስመልሳት አለቀሰች። አስገባኋት። ምን ላድርግ? እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እሷ ከአምስት ጓደኞቿ ጋር ናት።

ሁለተኛ፣ ይሄን ሒሳብ ሥሩት። በየሴኮንዱ 20 ሰው መነሻውን ቢሻገር፣ 50,000 ሰው ተሻግሮ ለመጨረስ 42 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያውም ማንም ሳይቆም። የመጨረሻው ሰው ሲነሳ ፈጣኑ አትሌት ታጥቦ ልብስ ቀይሯል። ይሄን ሁሉ ሰው ለሁለት ቀን ከፍሎ መንገድ መዝጋት ማለት የከተማውን መሃል ሁለት እሑድ ማሰር ነው። አንድ እሑድ ላይ እንኳ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሆስፒታል በሽተኛ የሚያደርስ ሰው ይጨነቃል። በመኪናቸው መስኮት የለመኑኝን አባት አልረሳቸውም። ሚስታቸው ምጥ ላይ ነበረች። ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሆነን በሌላ መንገድ አሳለፍናቸው። እኔ ሁለተኛ ቀን ይጨመር የሚለውን በፍጹም አልደግፍም።

ጉለሌ ነኝ፦

ጭፈራውን ግን አትንኩብን! እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ነው የምሮጠው፣ ከበሮ ይዘን። አሥር ዓመታችን ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይገናኝ ሰው ያን ቀን ይገናኛል። እያንዳንዳችን የምንሮጥበት ምክንያት አለን። እኛ ሁልጊዜ ቀይ ነን፣ ከኋላ ነን፣ ማንንም አናግድም። ከኛ ጋር ለመጨፈር ከፊት ቆመው የሚጠብቁን ናቸው መንገዱን የሚዘጉት።

አንድ ነገር ላይ ከሯጮቹ ጋር ነኝ። ውሃ መርጨት ይቅር። ውሃው ለመጠጣት ነው የተሰጠው። እርጥብ አስፋልት ላይ አንዲት ልጅ ተንሸራታ እጇ ሲሰበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሜሪላንድ፦

እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ በየዓመቱ የቼሪ አበባ 10 ማይል የሚባል ሩጫ አለ። የኛ ልጆችም አሸንፈውበት ያውቃሉ። ሁላችንም በቀለም ተከፍለን ነው የምንነሳው። አንዱ ቀለም ከተነሳ በኋላ ትንሽ ይቆይና ሌላው ይለቀቃል። እኔ ዘገምተኛ ነኝ፣ ከኋለኞቹ ጋር እነሳለሁ፣ ማንም ንቆኝ አያውቅም። የራሴን ሰዓት ደረቴ ላይ ካለው ቁጥር ጋር የተያያዘው ቺፕ ይይዝልኛል። ስለዚህ ከፊት ለመቆም የምሻማበት ምክንያት የለም። አዲስ አበባ መጥቼ ስሮጥ ግን እኔም ከፊት ልቁም ብዬ ተጋፋሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አየሩ ነው መሰለኝ የሚያስሮጠው። ያን ቀን ግን ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ውሃ ያጠጣችኝ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ናት።

የሳሪሱ ሯጭ፦

ሁሉንም አነበብኩ። የአስተባባሪውን ሁለት ጊዜ።

ሌላ ቀን ያልኩትን አንስቻለሁ። ጋሼን በየትኛው እንመድባቸዋለን የሚለው መልስ የለኝም። እኔም የመጀመሪያ ዓመት እየተራመድኩ ነው የጨረስኩት፣ ይሄን ስጽፍ ነው ያስታወስኩት። በዚያ ዓመት ማን እንደረገመኝ አላውቅም።

ግን በአንድ ነገር አልለቅም። የምትራመዱ ወደ ቀኝ ያዙ። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ መንገዱን አትዝጉ። ሰልፊ የምትነሱ ወደ ዳር ውጡ። በቀይ የተመዘገበ አረንጓዴ ውስጥ አይግባ። አስተባባሪው እንዳለው ያለቀሰች ልጅ ብትሆንም አይግባ። ያቺ ልጅ ስትገባ የክለቡ ልጅ የነገረን ዓይነት አንድ ልጅ ከኋላዋ ይታገታል። እኛ አናየውም እንጂ።

የክለብ ልጅ፦

ይሄ መልካም ምኞት ነው፣ ወንድሜ። ግን ማን ያስከብረዋል? «ወደ ቀኝ ያዙ» ስንል ስንት ዓመታችን ነው? እኔ የምለው ግልጽ ነው። ለ50 ደቂቃና ከዚያ በታች የሚሆን ትንሽ ክፍል ይኑር። ያለፈ ሰዓቱን ያሳየ ብቻ የሚገባበት። አጥር ይኑረው። ክለብ ለሌለው ልጅም ይከፈት። ሰዓት የሌለው ልጅ ደግሞ ጃን ሜዳ መጥቶ ከሩጫው በፊት ባሉት ሳምንታት ይፈተን። ይሄን ያህል ሰው የሚያስተናግድ ሩጫ ይሄ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ጡረተኛው፦

ይሄኛው ያስማማኛል። አጥር ስትል መጀመሪያ ደነገጥኩ። ግን ለልጁ ከሆነ ይሁን። ፈተናው ላይ ሰዓት የሚይዝ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ ነፃ ነኝ፣ ጡረታ ላይ ነኝ። ጃን ሜዳም ለቤቴ ቅርብ ነው።

ጉለሌ ነኝ፦

ጋሼ፣ ከበሮ ይዘን እንመጣለን!

የሳሪሱ ሯጭ፦

እኔም ከሥራ በፊት ከሆነ እመጣለሁ። የክለብ ልጅ፣ ፈተናው ላይ ስንት ደቂቃ ይሁን ነው የምትለው?

የክለብ ልጅ፦

ከሕዝቡ ቀድሞ ለመነሳት 40 ይበቃል። እውነተኛው ልጅ ከዚያ በታች ነው የሚገባው። ለአንተ ደግሞ 50 ይሁን፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ትቆማለህ። ጫማህን ግን ሁለት ጊዜ ቋጥረው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ ዘንድሮ ከባለቤቴና ከትልቁ ልጄ ጋር ነኝ። ባለቤቴ 55 ደቂቃ እገባለሁ ብሎ አረንጓዴ ሊመዘገብ ነበር። ሮጦ አያውቅም። አሁን ይሄን ሁሉ አስነበብኩት። ሦስታችንም ቀይ ነን። በቀኝ በኩል።