«ቁጭ ብሎ የሚበላ» የተባለው ተጫዋች ማነው?

ብርቱካናማው፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም ላይ የቀረበውን እንግዳ የሰማ አለ? «የድሬ ሕዝብ ገንዘብ ቁጭ ብሎ ለሚበላ ተጫዋች መከፈል የለበትም። የደመወዝ ጣሪያው ይጥበቅ፣ ውሉም ብቃት ሲወርድ የሚቋረጥ ይሁን» አለ። አዘጋጁም ሳይሞግተው አለፈ። ደሜ ፈላ። ደመወዙን ትገድብበታለህ፣ ውሉንም በፈለግህ ቀን ትቀድበታለህ፤ ታዲያ ተጫዋቹ ምን ይዞ ነው የሚፈርመው?

የገንደቆሬ ልጅ፦
እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሰውየው ልክ ነው። አቦ፣ የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር እንጂ! ክለቡን ያቆመው የትኬት ወይም የማሊያ ሽያጭ አይደለም፣ የከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው። ያንን በጀት ውሃም መንገድም የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ መከላከያም ይጠብቀዋል። ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ለሚበላ ሰው ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው በምን ሒሳብ ነው?

ሒሳብ ሹሙ፦
በጀቱ የሕዝብ መሆኑን ማን ካደ? ግን ጣሪያው ያመጣውን ነገር እንይ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር አይበልጥም ብለው ወሰኑ። በጊዜው በነበረው የገቢ ግብር ስሌት 50,000 በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ሲቀነስለት ግብሩ 16,000 ነው። እጅ ላይ የሚገባው 34,000። በዚያ ጣሪያ ሥር 150,000 ልስጥህ የሚል ክለብ መጣ እንበል። ስምምነቱ ለሁለት ይከፈላል። 50,000 የሚለው ማኅተም ተመትቶበት ፌዴሬሽን ይገባል፤ ቀሪው 100,000 ወይ በቃል ይቀራል፣ ወይ የቤት ኪራይ ይባላል፣ ወይ በጥሬው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ክለቡ እስከከፈለ ድረስ ሁሉም ዝም ይላል። መክፈል ያቆመ ዕለት ግን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ማኅተም ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

የከዚራው፦
ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የደመወዝ ጣሪያ በነበረበት ዘመን (በመጨረሻ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር) ክለቦች በስውር ይከፍሉ ነበር። ሰንደርላንድ የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1957 ተይዞ 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። ቅጣቱም ልማዱን አላቆመውም፤ ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው ሊቀመንበር በጂሚ ሂል መሪነት የሥራ ማቆም አድማ ሊመቱ ሲሉ በጥር 1961 ጣሪያው ራሱ ተነሣ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
የዛሬ ስድሳ ዓመቱን እንግሊዝ ትተህ የዛሬዋን አሜሪካ እይ። የእነሱ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ቡድን ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጣሪያ አለ፣ አብዛኛው ውልም እስከ መጨረሻው ዋስትና የለውም፤ ብቃቱ የወረደ ይሰናበታል። የክሊቭላንድ ቡድን ይህን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጫዋቹ ለዴሾን ዋትሰን የ5 ዓመት 230 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ ዋስትና ሰጠ። ሰውየው መጀመሪያ 11 ጨዋታ ታገደ፣ ቀጥሎ ትከሻው ተጎዳ፣ ከዚያ የተረከዙ ጅማት (አኪለስ)። በሦስት የውድድር ዘመን የተሰለፈው 19 ጨዋታ ነው። ቁጭ ብሎ መብላት ማለት ይሄ ነው። ክሊቭላንድ ይችለዋል፤ ድሬ አንድ እንዲህ ዓይነት ውል ብትፈርም ዓመቱን አትወጣውም።

የለገሃሬዋ፦
ምሳሌህን ከግማሽ ላይ ጀመርከው። የአሜሪካው ጣሪያ የቡድን ጠቅላላ ወጪ ላይ ነው እንጂ የአንድ ሰው ደመወዝ ላይ አይደለም። ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በኅብረት ስምምነት የተፈረመ ነው፤ ከሊጉ ገቢ የተጫዋቹ ድርሻ ተሰልቶ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ወለልም አለው፤ ክለብ ከዚህ በታች አልከፍልም ማለት አይችልም። የእኛ 50,000 ከየትኛው ገቢ ተሰልቶ መጣ? ተጫዋቹን ወክሎ የፈረመስ ማነው? በእንግሊዝ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ (ሦስተኛና አራተኛ እርከን) ክለቦች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የ2.5 እና የ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጣሪያ በድምፅ አጽድቀው ነበር። የተጫዋቾች ማኅበሩ በአግባቡ አልተመከረንም ብሎ ግልግል ዳኝነት ሄደ፣ በየካቲት 2021 ተሻረ።

ብርቱካናማው፦
እኔ «ቁጭ ብሎ የሚበላ» የሚለውን አለቅም። ማነው ያስቀመጠው? ተጫዋች ራሱን ከአሰላለፍ አያወጣም። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 15ን አንብቡት። ነባር ባለሙያ ተጫዋች በውድድር ዘመኑ ክለቡ ካደረጋቸው ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ በታች ከተሰለፈ፣ የክለቡ የመጨረሻ ጨዋታ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ውሉን በስፖርታዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። 30 ጨዋታ ሲኖር 3 ያልሞላ ማለት ነው። ደንቡ ተቀማጩን እንደ ተበዳይ ነው የሚያየው። ክለቡ በተቃራኒው «ብቃትህ ወርዷል» ብሎ ቢያሰናብተው ግን የፊፋ የክርክር ጉባኤ ይህን በቂ ምክንያት ብሎ አይቀበለውም። ጉዳትም እንዲሁ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ጉዳት ሌላ ነው፣ ስለ ጉዳት አላወራሁም።

ብርቱካናማው፦
አውርተሃል። የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ ልጅ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር ሜዳ አይገባም። የውድድር ዘመኑ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። እንግዳው ቁጭ ብሎ የሚበላ ሲል ይህን ልጅ ከሌላው አልለየውም፤ አንተም አልለየኸውም። ውሉ በብቃት ይቋረጥ ከተባለ መጀመሪያ የሚቋረጠው የእሱ ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦
ቁጥሩን ላስቀምጠው፣ ከዚያ ተከራከሩ። ልጁ የ24 ወር ውል አለው፣ በወረቀት 50,000። በ8ኛው ወር ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበተ። ቀሪው 16 ወር በ50,000 ሲባዛ 800,000 ብር። ለዚያው 16 ወር ሌላ ክለብ 30,000 ከከፈለው 480,000 ይቀነሳል፤ ካሳው 320,000 ይሆናል። በዚያው በፊፋ ደንብ አንቀጽ 17 ስሌት፣ ውሉ የፈረሰው ደመወዝ ባለመከፈሉ ከሆነ የ3 ወር ደመወዝ ይጨመርለታል፣ 470,000። ከጣሪያው በላይ በቃል የተገባለት 100,000 ግን በ16 ወር 1,600,000 ነበር። ከዚያ ውስጥ በሕግ የሚጠይቀው አንድ ሳንቲም የለም። የሬዲዮው እንግዳ ይጥበቅ የሚለው ጣሪያ የሚሠራው ይህን ነው፤ ትልቁን ክፍያ ከውሉ ያስወጣዋል።

ጀጎል፦
ሒሳብ ሹም፣ ስሌትህ ለጋናዊውና ለናይጄሪያዊው ነው እንጂ ለሐረርና ለድሬ ልጅ አይደለም። ፊፋ በቀጥታ የሚያየው ዓለም አቀፍ ገጽታ ያለውን ክርክር ነው። የውጭ ዜጋ የሁለት ወር ደመወዝ ካልተከፈለው በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ 15 ቀን ይጠብቃል፣ ውሉን አቋርጦ ለፊፋ ያመለክታል። ክለቡ ተፈርዶበት በ45 ቀን ካልከፈለ እስኪከፍል ድረስ፣ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። ያገሬ ልጅ ያለው ፌዴሬሽን ነው። ይወሰንለታል፤ ካልተከፈለው ክለቡ ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ይታገዳል። ክለቡ ግን እገዳው የሚሰማው ተጫዋች ሊያስመዘግብ ሲሄድ ነው፤ እስከዚያ ልጁ ጫማውን ይዞ ይጠብቃል። አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ።

የከዚራው፦
ጀጎል፣ መጀመሪያ ሐረር ክለብ ይኑራት፣ ከዚያ ስለ መልበሻ ክፍል እናወራለን።

ጀጎል፦
ሐረር ቢራ በሊጉ ሲጫወት የነበረ ክለብ ነው። ዛሬ አለመኖሩ ለእናንተ ደስታ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ክለብ ሲጠፋ ውል የነበረው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከድሬ ይልቅ ሐረር ታውቃለች።

ጥጥ ማኅበር፦
ልጆች፣ ሰፈር ለሰፈር አትሰዳደቡ። ጥጥና ሲሚንቶ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ወደ ድሬ ሲያመጡ ክለቡ የፋብሪካ ነበር። ተጫዋቹም ከፋብሪካው ጋር ነበር የታሰረው፤ ጉልበቱ ሲደክም ሥራው ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ያ ስለሌለ ነው ውሉ ላይ የምትጣሉት።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኮ የእኔ ሐሳብ ነው! ያኔ ተጫዋቹ እንደ ሠራተኛው ይከፈለው ነበር። ዛሬ በአንድ ወር የአስተማሪን የዓመት ደመወዝ ይወስዳል።

የለገሃሬዋ፦
አስተማሪው እስከ 60 ዓመቱ ያስተምራል። ተጫዋቹ በ33 ያበቃል፣ ብዙው ደግሞ ከዚያም በፊት። ጋሼ ያሉትም አንተ እንዳልከው አይደለም፤ እሳቸው ያወሩት ስለ ዋስትናው ነው።

ጥጥ ማኅበር፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ ስለ ዋስትናው ነው።

የገንደቆሬ ልጅ፦
እሺ፣ መፍትሔ አምጡ። እኔ አለኝ። ከደመወዙ 60 በመቶው የማይነካ ይሁን፣ 40ው በተሰለፈበት ጨዋታ ይታሰብ። የተጎዳ 60ውን ይወስዳል፣ ያልተጎዳ ግን ያልተሰለፈም 60ውን ብቻ። ሁሉም በአንድ ውል ይጻፍ፣ ከጠረጴዛ ሥር ምንም አይኑር።

ሒሳብ ሹሙ፦
በአንድ ውል ይጻፍ ያልከው ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት አላልከውም። 40ው ላይ ግን አሠልጣኙ መሣሪያ ይሆናል። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ይደወልለታል፣ «እሱን አታሰልፍ፣ ወጪ እንቀንስ»። በተለይ ከሚያዝያ በኋላ በጀቱ ሲሳሳ። ደግሞ ተጫዋች ውሉን ትቶ እንዲወጣ ለብቻው ማሠልጠን፣ ከቡድኑ ማግለል በአንቀጽ 14 የተከለከለ ነው፤ በአሰላለፍ የተደረገውን እንዴት ታረጋግጣለህ?

የለገሃሬዋ፦
እኔ የምለው ጣሪያ ሰው ላይ ሳይሆን ክለቡ ላይ ይቀመጥ። ክለቡ ውድድሩ ሳይጀመር የሁሉንም ተጫዋች የ3 ወር ደመወዝ የባንክ ዋስትና ያስይዝ። 25 ተጫዋች በአማካይ 60,000 ቢሆን በወር 1.5 ሚሊዮን፣ በ3 ወር 4.5 ሚሊዮን ብር ነው። ደመወዝ ሁለት ወር ሲዘገይ ከዚያ ይከፈል። ያላስያዘ ተጫዋች አያስመዝግብ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
እህቴ፣ የከተማው በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ገንዘቡ ግን ያን ዕለት አይለቀቅም። 4.5 ሚሊዮን በክረምት ባንክ አስይዝ ብትይው ከየት ያመጣል? ለዝናብ ወቅት ከተያዘው?

ብርቱካናማው፦
የ3 ወር ደመወዝ ማስያዝ የማይችል ክለብ ታዲያ በዚያው ክረምት የ24 ወር ውል የሚፈርመው በምን ገንዘብ ነው?

የገንደቆሬ ልጅ፦
ለዚህ እኮ ነው ውሉ ይጠር፣ የአንድ ዓመት ይሁን የምለው።

ጀጎል፦
የአንድ ዓመት ውል ያለውን ልጅ ሌላ ክለብ በሰኔ በነፃ ይወስደዋል። ከዚያ ደግሞ ድሬ ተዘረፈች ብላችሁ ልታለቅሱ ነው።

የከዚራው፦
ሐረር ስለ ዝውውር ታስተምረን እንዴ አሁን?

ጀጎል፦
መልስ ካለህ ለጥያቄው መልስ።