ከመስክ መልስ የምትነፋ ጥገት ላም፦ ምን ልጋታት?

የአዘዞ ወተት
ሰላም ወገኖች። ክልስ ላም ናት፣ ሁለተኛ ጥጃዋን ወልዳ እየታለበች ነው፣ ያለችው ጎንደር አዘዞ ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ መስኩ ማጌጥ በማጌጥ (ባለ ሦስት ቅጠሉ የመስክ ተክል፣ ክሎቨር) ሆኗል፤ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ትሰማራለች። ማታ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ ሲገኝም አተላ ይጨመርላታል። ከመስክ ስትመለስ የግራ ሽንጧ ይነፋል፣ ማመስኳት ታቆማለች፣ ስትታለብ ትራገጣለች። ወደ ማታ እየቀለላት ይሄዳል። አንዱ ጎረቤት ፌጦ በውሃ ጋታት ይላል፣ ሌላው ጤና አዳም በአረቄ፣ ሦስተኛው ላምባ። የትኛው ይሠራል? መጠኑስ? ወተቱን የሚረከቡ ደንበኞች ስላሉ የጠረኑም ነገር ያሳስባል።

ዘበረት
ከሁሉ በፊት ላምባውን ይተዉት። ትንሽ ወደ ሳንባ ከገባ ላሟን ይገድላል፣ ባይገድል እንኳ ወተቱ ላምባ ላምባ ይላል።

የነገሩን ነገር የአረፋ ንፋት ይመስላል። ለጋ ማጌጥ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ ጋዙ ለብቻው አይጠራቀምም፤ በጥቃቅን አረፋ ተይዞ ከበላችው ጋር ይለወሳል። ስለዚህ ላሟ ልታገሳው አትችልም። የሚያስፈልገው አረፋውን የሚሰብር ነገር ነው፣ እሱም የምግብ ዘይት ነው። ከዘይቱ ጋር ዝንጅብል ይጨመራል፤ ጨጓራን ያነቃቃል፣ አረፋ ግን አይሰብርም። ዘይቱን ትቶ ዝንጅብል ብቻ መጋት ጊዜ ማባከን ነው።

ለአንድ ትልቅ ላም የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር። 50 ግራም ያህል እርጥብ ዝንጅብል ወቅጠው በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡና በጨርቅ ያጥልሉት፤ ቃጫው ከቀረ ያስላታል። ከዘይቱ ጋር ሃይላንድ ውስጥ ከተው ነጭ እስኪመስል ይናጡት፣ ወዲያው ይጋቷት። መቶ ኪሎ ለምትሆን ጥጃ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል።

ብዙ ላም የሚጎዳው መድኃኒቱ ሳይሆን አጋገቱ ነው። አፍንጫዋ ከዓይኗ በላይ ከፍ ካለ፣ ወይም ምላሷ ከተጎተተ፣ መዋጥ አትችልምና ፈሳሹ በአየር ቧንቧ ይወርዳል። ላይ ላዩን ድና ከጥቂት ቀን በኋላ በሳንባ ምች ትሞታለች፤ ባለቤቱም «መድኃኒቱ ገደላት» ይላል። የሃይላንዱን አፍ በከንፈሯ ጎን፣ በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል ባለው ጥርስ አልባ ክፍተት ያስገቡ። ትንሽ ያፍስሱ፣ ስትውጥ ይጠብቁ፣ ይድገሙ። ካሳለች ጭንቅላቷን ወዲያው ይልቀቁት። የቢራ ጠርሙስ አይጠቀሙ፣ ነክሳ ትሰብረዋለች።

ከዚያ የፊት እግሮቿ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነው ያቁሟት፣ ጨው የተቀባ እንጨት እንደ ልጓም በአፏ አግድም ይሰሩ። ስታኝከው ምራቅ ይወርዳል፣ ምራቁም ግሳት ይጠራል። የግራ ሽንጧን በጡጫ ጫን ጫን ያድርጉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካላገሳች ሐኪም ይጥሩ። ንፋቱ ከጀርባዋ መስመር ካለፈ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም የምትንገዳገድ ከሆነ ግን ጨርሶ አይጋቷት፤ ያን ጊዜ በአፍ የሚገባ ቱቦ ወይም ትሮካር (ሽንጧን በስቶ ጋዙን የሚያስወጣ መሣሪያ) ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም የሐኪም እጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ንፋቱ በድንገት ከመጣ፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ አንገቷን ዘርግታ ከቆመች፣ ጉሮሮዋ ላይ ድንች ወይም ማንጎ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለችው ዘይት መጋት ማነቅ ነው።

የጓሮ ቅጠል
ዘበረት ስለ ዘይቱ ያሉት ልክ ነው። ፌጦን ግን ሳናነሳው አንለፍ። ላሟ ሳትነፋ መኖ ስትዘጋ፣ ጨጓራዋ ሲደክም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ፌጦ በአንድ ሊትር ውሃ ጥሩ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚሰጡ ከሆነም አንድ ራስ ይበቃል፤ ሲበዛ የከብትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሁለቱም ወተት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ መስጠት ያለብዎ ታልባ እንዳበቃች ነው፣ እስከሚቀጥለው አለባ ሰፊ ጊዜ እንዲኖር። ቢሆንም ያን ወተት ለብቻው ይያዙትና አሽትተው ይወስኑ።

ጤና አዳም ላረገዘች ላም አይሰጥም፣ ሊያስወርዳት ይችላል። እየታለበች ያለች ላም ደግሞ ዳግም አርግዛ ሊሆን ስለሚችል ተጠቅታ ወይም ተዳቅላ ከሆነ ይተዉት። አረቄው ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም፤ የሰከረች ላም መዋጥ ያቅታታል፣ ከዚያ ወዲያ የሳንባው ጣጣ ነው።

እንዶድም የሚሰጥ አለ። ልብስ የሚያጥበው አረፋው መሆኑን እያወቁ ለአረፋ ንፋት እንዶድ መስጠት ይገርመኛል፣ መርዝነቱ ሳይቆጠር። ብሳናም እንዲሁ ይቅር። ተልባ ለተቅማጥ ይረዳል፣ ግን ፈልቶ ነው፤ ቢያንስ አስር ደቂቃ። ጥሬውን በለብታ ውሃ ከዘፈዘፉት ሳያናይድ ያወጣል።

ማራኪ በረት
የማታውን አተላ ማንም አላነሳም። ከመስክ የሚመጣው ንፋት አንድ ነገር ነው፣ በአተላና በእህል የሚመጣው ሌላ። ጥምቀት ሲያልፍ ጎንደር ውስጥ የተረፈ እንጀራ፣ ዳቦና አተላ በገፍ ለላም ይደፋል። ያ ሁሉ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ይሆናል። ምልክቱ የሚታየው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ነው፦ እበቷ ቀጥኖ ይኮመጥጣል፣ ያልተፈጨ እህል ይታይበታል፣ ላሟ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፣ ሽንጧን ሲገፉት ውስጡ ይንቦጫረቃል። እዚህ ዘይቱ አይረዳም። ከ100 እስከ 150 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ ይጋቷት፣ እህሉን ያቁሙ፣ ድርቆሽ ብቻ ይስጡ። ከተኛች ሐኪም ነው፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም ሌላም ያስፈልጋታል።

ሦስተኛው ደግሞ ከተማ ውስጥ በብዛት የሚታየው ፌስታል ነው። ማጌጥ በሌለበት በበጋም፣ ደረቅ ጭድ በልታም መለስ ቀለስ እያለ የሚነፋት ከሆነ፣ እየከሳች ከሄደች፣ እበቷ ካነሰ፣ ጨጓራዋ ውስጥ ፌስታልና ገመድ ተጠቅልሎ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያሟሟ ቅጠል የለም። የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያማክሩ። ቆሻሻ ገንዳ አካባቢ የምትውል ላም ካለች ዝንጅብል ከመግዛት ውሎዋን መለወጥ ይቀድማል።

የአዘዞ ወተት
አመሰግናለሁ። ተዳቅላለች፣ ጤና አዳሙ ቀርቷል። የምትነፋው በማጌጥ ጊዜ ብቻ ነው። እንዳትነፋ አስቀድሞ ዘይት መስጠት ይቻላል?

ዘበረት
ይቻላል። ጠዋት ከመሰማራቷ በፊት 100 ሚሊ ሊትር ያህል ከፉርሽካ ጋር ይለውሱላት። የሚጠብቃት ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ ግን ውሎዋን በሙሉ አይሸፍንም፣ የዘይቱ ወጪም ቀላል አይደለም። ርካሹ መንገድ ጭድ ነው። ሁለት ሦስት ኪሎ የጤፍ ጭድ በልታ፣ ጤዛው ረግፎ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ትውጣ። ማጌጡ ውስጥ መጀመሪያ ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆይ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። አጭደው የሚያመጡ ከሆነ ደግሞ አይቆልሉት፤ መሬት ላይ በስሱ ዘርግተው እስከ ማታ ይጠውልግ፣ ከዚያ ከጭዱ ጋር ቀላቅለው ይስጡ።