ኮርድ ስይዝ የግራ አውራ ጣቴን የት ላድርገው? ኤፍ አልጠራ አለኝ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የብረት ክር ያለው አኮስቲክ ጊታር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው፤ ከዚያ በፊት ክራር ነበር የምጫወተው። ኢ ማይነር፣ ጂ፣ ሲ እና ዲ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይወጡልኛል። ኤፍ ባሬ (ሌባ ጣት ሁሉንም ክሮች አቋርጦ የሚተኛበት ኮርድ) ላይ ግን ሁለተኛው ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) ይታፈናል፣ አንደኛው ዝዝ ይላል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላም የአውራ ጣቴ ሥር ያቃጥለኛል። አንዳንዱ «አውራ ጣት ሁልጊዜ ከአንገቱ ጀርባ ይሁን» ይላል፤ መድረክ ላይ የማያቸው ጊታሪስቶች ደግሞ ከላይ አሳልፈው ይዘውታል። የቱን ልከተል? እጄ ትንሽ ነው።

መልስ 1
እህቴ፣ ሁለቱም አያያዝ ትክክል ነው፤ የሚወስነው ኮርዱ ነው። ለኤፍ ባሬ ግን ያለ ጥርጥር ከጀርባ ነው። ቦታው በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ትይዩ፣ ከአንገቱ ወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የጣቱ ሆድ ይረፍ፣ ጫፉ ወደ ላይ ያመልክት። ወደ ጊታሩ ራስ አቅጣጫ ከተኛ የእጅሽ አንጓ ይጣመማል፤ ያኔ ሌሎቹ ጣቶች በጫፋቸው መቆም ትተው በጎናቸው ይተኛሉ፣ አጠገብ ያለውን ክር ይነካሉ።

ማቃጠሉ የሚመጣው ከመቆንጠጥ ነው። ከክራር ለመጣ ሰው ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ክራር ላይ የግራ ጣቶች ክር ያፍናሉ ወይም ይነካሉ እንጂ ክሩን እንጨት ላይ አይጫኑም፣ አውራ ጣትም ከጀርባ የሚደግፈው አንገት የለውም። ስለዚህ እጁ ሲቸገር ያለውን ጉልበት ሁሉ አውራ ጣት ላይ ያፈስሳል። ጉልበቱን ከክንድ አምጪው፦ ቀኝ ክንድሽ የጊታሩን ሣጥን ወደ ደረትሽ ያዝ ያድርገው፣ ግራ ክርንሽን ደግሞ በቀስታ ወደ ኋላ ሳቢው። ከዚያ ኮርዱን እንደያዝሽ አውራ ጣትሽን ለ2 ሰከንድ ከአንገቱ አንሺና ምቺ። አብዛኛው ክር ከጮኸ ክንድሽ እየሠራ ነው፤ ሁሉም ከጠፋ እስካሁን የምትይዢው በመቆንጠጥ ነው ማለት ነው።

ሕመሙ ወደ አንጓ ከወረደ ወይም ጣት ከደነዘዘ ግን ጊታሩን አስቀምጪው። መደንዘዙ ከተመላለሰ ሐኪም ይየው።

መልስ 2
በላይኛው ላይ ስለ ሌባ ጣት ልጨምር። ኤፍ ላይ ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር እኩል መጫን አለበት የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያደክማል። አምስተኛውን በቀለበት ጣት፣ አራተኛውን በትንሿ (ሁለቱም ሦስተኛ ፍሬት፣ ማለትም የአንገቱ ብረቶች የሚለዩት ሦስተኛው ክፍል)፣ ሦስተኛውን በመሃል ጣት (ሁለተኛ ፍሬት) ይዘሻል። ለሌባ ጣት የሚቀሩት ስድስተኛው፣ ሁለተኛውና አንደኛው ብቻ ናቸው። ስለዚህ መሃሉን ለማስተካከል አትታገዪ።

ሁለተኛው የሚታፈነው አብዛኛውን ጊዜ ክሩ የጣትሽ መገጣጠሚያ እጥፋት ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጣቱን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራትቺው። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ጊታሩ ራስ ትንሽ አዙሪው፤ ለስላሳው ሆዱ ሳይሆን አጥንታማው ጎኑ ይጫን። የአንደኛው ክር ዝዝታ ደግሞ ጣቱ ከፍሬቱ ብረት ሲርቅ የሚመጣ ነው፤ ብረቱን እስኪጠጋ አስጠጊው፣ ላዩ ላይ ግን አትውጪ።

ልምምዱን አንደኛ ፍሬት ላይ አትጀምሪ። እዚያ ክሩ ከማረፊያው (የጊታሩ ራስ ሥር ካለው ባለስንጥቅ ዘንግ) ቅርብ ስለሆነ በጣም ይከብዳል። ያንኑ ቅርጽ አምስተኛ ፍሬት ላይ ያዢ (ኤ ሜጀር ይሆናል)፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካሽ አዳምጪ፣ ሲጠራ አንድ ፍሬት ውረጂ። በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ! አውራ ጣቴን ዝቅ ሳደርገው ሁለተኛው ክር ወዲያው ተሰማ። ዲ ላይ ግን ስድስተኛው ክር አብሮ ይጮሃል። ትዝታ ስጫወት ክሩን ገፍቼ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ስሞክርም ሳይደርስ ይቀርብኛል።

መልስ 3
ሁለቱም ቦታ ላይ አውራ ጣት ከላይ ይውጣ። ዲ ስትይዢ ጫፉ ስድስተኛውን ክር ዳሰስ ያድርገው፤ መጫን አያስፈልግም፣ ከነካው ይታፈናል። ሲ ላይም እንዲሁ ይሠራል፤ ካልደረሰልሽ አምስተኛውን የያዘው የቀለበት ጣት ጫፍ ስድስተኛውን ይንካው።

ክር መግፋት ደግሞ የጣት ጉልበት ሥራ አይደለም። አውራ ጣት ከላይ ይንጠልጠል፣ የሌባ ጣት ሥር ከአንገቱ በታች ይደገፍ፣ ከዚያ የበር እጀታ እንደሚዞር አንጓሽን አዙሪ። በቀለበት ጣት ግፊ፣ መሃልና ሌባ ጣት ከኋላው ሆነው ያግዙት። በሲ ትዝታ ሜጀር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ከዲ ወደ ኢ አንድ ሙሉ ቶን ነው፤ መጀመሪያ ኢን በፍሬቱ ተጫውተሽ ስሚው፣ ከዚያ ከዲ ገፍተሽ እዚያው ድረሺ። ጆሮሽ ይፍረድ።

ታዋቂው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስም ስድስተኛውን ክር በአውራ ጣቱ ይዞ ኮርድ ይሠራ ነበር። ኤፍን በዚያ መንገድ ለመሞከር፦ አውራ ጣት ስድስተኛው ላይ አንደኛ ፍሬት፣ ሌባ ጣት ሁለቱን ቀጫጭኖች፣ መሃል ጣት ሦስተኛውን፣ ቀለበት አራተኛውን፤ አምስተኛው በአውራ ጣቱ ጫፍ ይታፈናል። ለትንሽ እጅ ይከብዳል፤ ካልደረሰ አትወጥሪው።

መልስ 1
በዚህ እስማማለሁ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አውራ ጣት ከላይ ሲወጣ መዳፍ አንገቱን ያቅፋል፣ የሌባ ጣት ሥርም አንደኛውን ክር ያፍናል። ሲ እና ጂ ላይ ቀጭኑ ክር ድንገት ከጠፋብሽ ጣቶችሽን ሳይሆን መዳፍሽን እዪ፤ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው። የናይለን ክር ክላሲካል ጊታር ከሆነ ደግሞ አንገቱ ማረፊያው ላይ 52 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰፋ (የብረት ክሩ 43 አካባቢ ነው) ከጀርባ መያዝ ይሻላል።

መልስ 4
እጅሽን ከመውቀስሽ በፊት ጊታሩን ለኪ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ እስከ ስድስተኛው ክር ሥር 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ ነው፤ ከ3 ካለፈ ማንም ይደክማል። ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ካለሽ አንደኛ ፍሬት ላይ እሰሪና የኤፍን ቅርጽ ከካፖው ቀጥሎ ያዢ። በግልጽ ከቀለለሽ ጥፋቱ ራሱ ጋ ያለው የክር ማረፊያ ነው፤ ስንጥቁ በጥልቀት አልተሞረደም። ለጊታር ጠጋኝ ስጪው፣ ራስሽ አትሞርጂው፤ ከሚገባው በላይ ከወረደ ባዶው ክር ዝዝ ማለት ይጀምራል፣ መመለሱም ቀላል አይደለም። እስከዚያው 12 ቁጥር ክር (ቁጥሩ ውፍረቱ ነው፤ ሲያንስ ይቀጥናል) ከሆነ ወደ 10 ወይም 11 ቀይሪ፣ አለዚያም ሁሉንም ግማሽ ቶን ዝቅ አድርገሽ ቃኚው።