«ወጣ»፣ «ወረደ»፣ «ገባ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምትሏቸው?

የመንዝ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። መሐል ሜዳ ነው የምኖረው። እዚሁ መንዝ ባለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ እንግዳ ሲመጣ አብሬ እየዞርኩ አስጎበኛለሁ። ለመግባባት የሚሆን እንግሊዝኛ አለኝ፤ እንቅስቃሴ መግለጽ ላይ ግን እቸገራለሁ። ሥራዬ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ እሱው ነው። ጭላዳዎቹ ሲመሽ ገደል ወርደው ያድራሉ፣ ጠዋት ወጥተው ሣር ይግጣሉ፣ ቀይ ቀበሮው በመሃላቸው እያለፈ አይጥ ያድናል። ይህን ሁሉ «አሴንድ»፣ «ዲሴንድ»፣ «ኤንተር» እያልኩ ነው የምናገረው። እንግዶቹ ይገባቸዋል፤ እነሱ ግን እርስ በርስ ሲያወሩ እነዚህን ቃላት ሲጠቀሙ ሰምቼ አላውቅም። ወሬያቸው ሁሉ «ጎ አፕ»፣ «ካም ዳውን»፣ «ጌት አውት» ነው። አንዱ «ጎ» ብቻ ከ«ኢንቱ»፣ ከ«ኦቨር»፣ ከ«ስሩ»፣ ከ«ፓስት» ጋር እየሆነ ስንት ትርጉም ይሰጣል! ደንብ አለው ወይስ እያንዳንዱን መሸምደድ ነው? በተለይ «ስሩ»፣ «አክሮስ» እና «ኦቨር» ይምታቱብኛል። እኛ «አለፈ»፣ «ተሻገረ» ብለን ነው የምንገላገለው።

አታዬ

ወንድሜ፣ ደንብ እያልክ አትድከም። ዝርዝሩን በደብተር ጻፍና ሸምድድ። «ጌት»ን ብቻ ብታይ ከሃያ ዓይነት ቃል ጋር ይሄዳል፤ የትኛው ደንብ ነው ይህን ሁሉ የሚይዘው?

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ለአንዳንዱ ሽምደዳ ግድ ነው። ስለ እንቅስቃሴ ከሆነ ግን ደንብ አለው፤ ደንቡ ከገባህ ደግሞ ግማሹን ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግህም።

በአማርኛ አቅጣጫው ያለው ግሱ ውስጥ ነው። «ወጣ»፣ «ገባ»፣ «ወረደ»፣ «ተሻገረ» ስትል ወዴት እንደሆነ ተናግረህ ጨርሰሃል። እንዴት እንደሄደ መናገር ከፈለግክ ሌላ ግስ ከፊቱ ታስቀድማለህ፦ «እየሮጠ ወጣ»፣ «እየዳኸ ገባ»፣ «ዘሎ ወረደ»። እንግሊዝኛ ይህንን ይገለብጠዋል። ግሱ አካሄዱን ይናገራል፣ አቅጣጫውን ትንሿ ቃል ትይዛለች፦ «ሂ ራን አውት»፣ «ዘ ቤቢ ክሮልድ ኢን»፣ «ሺ ጃምፕድ ዳውን»። ስለዚህ አማርኛህ ላይ «እየሮጠ» ያልከው እንግሊዝኛው ላይ ዋናው ግስ ይሆናል፤ «ወጣ» ያልከው «አውት» ወይም «አፕ» ይሆናል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሊዮናርድ ታልሚ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቋንቋዎች በዚህ በኩል እንደሚለያዩ በሰፊው አሳይቷል። ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ እንደ እኛ አቅጣጫውን በግሱ ይይዛሉ፤ ጀርመንኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ነው። አንተ የምትወዳቸው «አሴንድ»፣ «ዲሴንድ» እና «ኤንተር» ደግሞ መሠረታቸው ላቲን ነው። አቅጣጫውን ሆዳቸው ውስጥ ስለያዙ ከአማርኛችን ጋር ገጠሙልህ፣ ለዚህ ነው አፍህ ላይ ቶሎ የሚመጡት። ስህተት አይደሉም። ግን የመጽሐፍና የማስታወቂያ ቃላት ናቸው፣ በወሬ መሃል ሲገቡ ይከብዳሉ።

ወደ ጓሳህ ስንመጣ፦ «ዘ ገላዳስ ክላይም ዳውን ዘ ክሊፍ» በል። «ክላይም» መውጣት ብቻ አይደለም፤ በእጅና በእግር እየያዙ መሄድ ነው፣ ስለዚህ ከ«ዳውን» ጋርም ይሄዳል። ለጠዋቱ «ዘይ ካም አፕ ኦቨር ዘ ኤጅ»፣ የገደሉን አፋፍ አልፈው ብቅ አሉ ማለት ነው። ለቀበሮው «ዘ ዉልፍ ዎክስ ስሩ ዘ ኸርድ»። «ዎክስ ፓስት» ካልክ ግን በአጠገባቸው አልፎ ሄደ ማለት ይሆናል፤ እንግዳው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ቀበሮው በመንጋው መሃል ሲያልፍ ለማየት ነው፣ በትንሽ ቃል አታሳጣው።

የደብረ ሲና ሹፌር

መምህርት እንዳሉት ነው። እኔ የሚምታቱብህን ሦስቱን በመንገዳችን ላይ ላሳይህ። ጣርማበር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ ስናልፍ «ድራይቭ ስሩ ዘ ተነል» ነው፤ ዙሪያህን የሚከብህ ነገር ውስጥ ገብተህ በሌላው በኩል ስትወጣ «ስሩ»። ጫካም፣ ሕዝብም፣ እዚያው ጣርማበር ላይ የሚጠብቅህ ጉምም «ስሩ» ነው። ዋሻውን ትተህ ጫፉን ወጥተህ ወዲያ ብትወርድ «ኦቨር ዘ ማውንቴን» ትላለህ። ሜዳ፣ ጎዳና፣ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሲሆን «አክሮስ»። ድልድይ ላይ «አክሮስ»ም «ኦቨር»ም ያስኬዳል። ውሃው ውስጥ እግርህን ነክረህ ከሄድክ ግን «ስሩ ዘ ዎተር» ነው፣ ውሃው ከቦሃላ።

ስለ መኪናም ልጨምር። እኛ «ወራጅ አለ» ካልን አለቀ፣ አውቶቡስ ይሁን የቤት መኪና ለውጥ የለውም። እነሱ ይለያሉ። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»፤ የቤት መኪና «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ»። ቆመህ የምትራመድበት ከሆነ «ኦን»፣ ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት ከሆነ «ኢን»። ፈረስና ብስክሌትም ላያቸው ላይ ስለምትቀመጥ «ኦን» ናቸው። ሚኒባስ ላይ ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

የመንዝ ልጅ

መምህርት እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ሹፌሩም እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ልጠይቅ። «ደብረ ብርሃን ገባሁ» ስል «ኢን» ነው «ቱ»? ሁለተኛው፣ «ወደ» ሁልጊዜ «ቱ» ነው?

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

የመጀመሪያው ላይ «ኤንተር»ን እርሳው። «አይ ጎት ቱ ደብረ ብርሃን» በቂ ነው። «አራይቭ» ካልክ ለከተማ «ኢን»፣ ለመናኸሪያ ወይም ለሆቴል «አት» ነው፤ «አራይቭ ቱ» አይባልም። «ሪች» ደግሞ ምንም አያስከትልም። «ሆም» ሲመጣም «ቱ» ይወድቃል፦ «ጎ ሆም»፣ «ጌት ሆም»። «ዜር» (እዚያ) እና «አብሮድ» (ውጭ አገር)ም እንደዚሁ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ለሥራህ ትልቅ ነገር ነው። «ወደ» በአማርኛ መድረስ አለመድረሱን አይለይም። «ወደ እኔ ሮጠ» ስትል ደርሶ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ቀርቶም ይሆናል። እንግሊዝኛው ይለያል። «ራን ቱ ሚ» ካልክ እኔ ጋ ደረሰ። «ራን ቱዋርድስ ሚ» አቅጣጫውን ብቻ ይናገራል። «ራን አት ሚ» ደግሞ ሊያጠቃኝ መጣ ማለት ነው! ወንዱ ጭላዳ ወደ እንግዳው ሲሮጥ «ቱ» ብትል ሊጫወት የመጣ ይመስላል። «ሾውት ቱ» እና «ሾውት አት»ም እንደዚያው ናቸው፤ የመጀመሪያው እንዲሰማህ መጥራት ነው፣ ሁለተኛው መጮህና መቆጣት።

አታዬ

እሺ መምህርት፣ ይህኛው ገብቶኛል። ግን «ራን ኢንቱ አ ፍሬንድ» መገናኘት ነው፣ «ራን አውት ኦቭ ፊውል» ነዳጅ ማለቅ ነው። ማን ነው እዚህ የሮጠው? ይህንን አልሸመድድም ልትሉኝ ነው?

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ይህንንስ ሸምድድ፣ አልከራከርህም። ግን ትንሿን ቃል እያየህ ሸምድድ። «አውት ኦቭ» እዚህም መውጣት ነው፤ ነዳጅ ካለበት ሁኔታ ወጣህ። «ጎ ስሩ» ችግር ማሳለፍ ነው፣ ልክ እንደ ዋሻው፣ ከቦህ ነበር። «ጌት ኦቨር» ከሕመም መዳን ነው፤ ከላዩ አልፈህ ወዲያ ወረድክ። ሁሉም እንዲህ አይፈታም። ለምሳሌ «ጎ ኦፍ» ደወል ሲሆን መጮህ፣ ምግብ ሲሆን መበላሸት ነው፤ እነዚህን በቃልህ ያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ ተማሪዎቼን ስለሚያስቸግር ልንገራችሁ፣ የ«ሚ»፣ «ኢት» እና «ዜም» ቦታ። «ራን ኢንቱ ኢት»፣ «ዎክ ስሩ ኢት» ሲሆን ተውላጠ ስሙ ከኋላ ነው። «ፒክ ሚ አፕ»፣ «ድሮፕ ሚ ኦፍ» ላይ ግን መሃል ይገባል፤ «ፒክ አፕ ሚ» አይባልም።

የደብረ ሲና ሹፌር

ልክ ነው። እንግዳ ከሆቴል ስወስድ በየቀኑ የምሰማው «ፒክ አስ አፕ አት ሲክስ» ነው። ወንድሜ፣ ሰዓቱንም አረጋግጥ፣ የነሱ ሲክስ የኛ 12 ሰዓት ነው።